የጀልባ ሞተር ውሃ መርጨት ሲያቆም

ቤንዚን መኖሩን፣ የታንከሩ አየር ማስገቢያ መከፈቱን፣ የማጥፊያው ገመድ መሰካቱን አይተሃል ብዬ ልጀምር። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዳር ብዙ ሞተር ፈትቻለሁ። እየደጋገመ የሚመጣብኝ ግን አንድ ችግር ነው።

ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል። የካርቡሬተሩን የታች ብሎን ፈትተህ አፍስሰው። ከጀሪካን የምትገለብጠውን ቤንዚን ሳታጣራ አትሙላ።

ጉልበት አጥቶ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ፣ ከፍታውን አስብ። ሐይቃችን ከባህር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ለባህር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጄቱን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ አነስ ባለ ማስቀየር ነው። ጥላሸት በዛ ብለህ ግን ቤንዚኑ ውስጥ የምትቀላቅለውን ዘይት እንዳትቀንስ! መመሪያው 50 ለ1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው። ሞተሩ እየሠራ ከኋላው የሚረጨው ቀጭን ውሃ ከደከመ ወይም ከቆመ ወዲያው አጥፋ። «ዳር ልድረስና» አትበል። መጀመሪያ እግሩ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ የታች ክፍል፣ ላይ ያለውን የውሃ መግቢያ ወንፊት እይ፤ ፌስታል ወይም ሣር ይዞት ይሆናል። ቀጥሎ ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጥረግ። ካልተመለሰ ኢምፔለሩ ነው። ይህ የውሃ ፓምፑ ውስጥ የሚዞር፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ስለሆነ ደረቅ ሲዞር በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

አንድ ባለ ጀልባ ሞተሩን ሊሸጥ ፈልጎ ለገዢው ድምፁን ሊያሰማ የብስ ላይ አስነሳው። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ገዢው በማግስቱ ሰው ጭኖ ወጣና ሐይቁ መሃል ፒስተኑ ግሎ ነከሰ፣ ማለትም ተጣብቆ ቆመ፤ በመቅዘፊያ ነው የተመለሱት። እባካችሁ፣ ሞተር የብስ ላይ አታስነሱ! መሞከር ካለብህ ፕሮፔለሩን አውልቅና እግሩን ከውሃ መግቢያው በላይ እስኪደርስ በርሜል ውሃ ውስጥ ንከር።

ሌላ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ መጣልኝ፤ ሦስት ጊዜ ኢምፔለር ተቀይሮለት አሁንም ይግላል። የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት ሳወርድ የአሮጌው ኢምፔለር ሁለት ክንፎች ተሰንቅረው አገኘሁ። ሦስቱም ጊዜ የቀየሩት ሰዎች የወጣውን ክንፍ አልቆጠሩም። አንተ ቁጠር። ከጎደለ ቁራጩ ወደ ላይ በውሃው መንገድ ገብቷል ማለት ነው፤ ሳታገኘው ሞተሩን አትግጠም።

ስትገዛም ክንፉን በአውራ ጣትህ አጥፈው። ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ከተሰነጠቀ፣ አዲስም ቢሆን ተወው። ሱቅ ውስጥ የደረቀ ጎማ እንደ አዲስ የሚሸጥ ሰው በሰው ሕይወት እየቀለደ ነው። ስትገጥም ጎማውን በሳሙና ውሃ አርሰው፣ ኢምፔለሩን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የምትይዘውን ትንሽ የብረት ቁልፍ ዘንጉ ላይ አስቀምጥ፣ ከላይ ስታየው ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞርክ የፓምፑን ክዳን ተጫን። የውሃው ቱቦ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ሳታይ ብሎን አታጥብቅ። እግሩን መልሰህ ስትገጥም አልገጥም ካለ በብሎን አትጎትተው፤ ዘንጉን ትንሽ አዙረህ እንደገና ሞክር። በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት 1 ጊዜ ፈትተህ እየው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ደለል ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ቶሎ ቶሎ።

የጊር ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። እዚህ ሐይቅ ላይ ብዙ ጊዜ የመረብ ክር ነው፤ ፕሮፔለሩ ሥር ተጠምጥሞ ፓራኦሊውን፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ፣ ይቆርጠዋል። ዘይቱን ብቻ ቀይረህ አትሂድ። ፕሮፔለሩን አውልቅ፣ ክሩን በሙሉ አውጣ፣ ፓራኦሊውን ቀይር፣ ከዚያ አዲስ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ በላይኛው እስኪፈስ ሙላ።