ስሜቱ ኖታው ላይ ተጽፏል፦ የፒያኖ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

«መጀመሪያ ኖታውን ልያዝ፣ ስሜቱን በኋላ እጨምርበታለሁ።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተማሪው በቅንነት እንደሚለው አውቃለሁ። ግን በኋላ የሚጨመረው ስሜት ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዓይን መጨፈን፣ አንገት መወዛወዝና ያለ ምክንያት መንቀርፈፍ ነው። ድጓ ዘርግቶ ከፊደሉ በላይ ያለውን ድፋትና ርክርክ የሚዘል መሪጌታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታዲያ ፒያኖ ላይ ምልክቱን መዝለል ለምን ተፈቀደ?

ጀማሪ ሁሉ የሚወደውን የአቀናባሪውን የሾፓንን ኢ ማይነር ፕሪሉድ፣ ማለትም አጭር የፒያኖ ቁራጭ፣ እንውሰድ፤ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 28 ቁጥር 4። የታተመው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ጠቅላላው 25 ባር (ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልባቸው ክፍሎች) ነው። ቀኝ እጅ ሲ የምትባለው ድምፅ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል፣ ባሩ ሊያልቅ ሲል ዶን ይነካል፣ ተመልሶ ሲ ላይ ያርፋል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ለጣት ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተማሪው በሁለተኛው ቀን «ያዝኩት» ይለኛል።

ምኑን ያዝከው? እስቲ ግራ እጅህን እየው። ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ዝም ብሎ የሚደጋገም ይመስላል እንጂ ከውስጡ አንዱ ድምፅ ወደ ታች ሸርተት ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው። ስለዚህ ያቺ ዶ ሦስቱንም ጊዜ የምታርፈው የተለያየ ኮርድ ላይ ነው። አንዷ ለስለስ ትላለች፣ ሌላዋ ትጎረብጣለች። ሦስቱንም እኩል ከነካሃቸው ሾፓን የጻፈውን ገና አልተጫወትክም። ይህን ያየ ልጅ «በስሜት ተጫወት» መባል አያስፈልገውም፣ እጁ ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ ፒያኖውን ዝጉና ግራ እጁን ብቻ በዓይናችሁ ተከተሉ የምለው ለዚህ ነው።

ድምፅ ማጉላትም እንደዚሁ። በዚህ ቁራጭ ላይ ያለው ፎርቴ፣ ማለትም ጮክ በሉ የሚለው ምልክት፣ አንድ ብቻ ነው፤ ስትሬቶ፣ ማለትም ጫን ጫን እያሉ መፍጠን፣ የሚለው ቃል ካለበት ከ16ኛውና 17ኛው ባር አካባቢ። ስምንተኛው ባር ላይ ስሜት መጣልኝ ብሎ የደበደበ ሰው እዚያ ሲደርስ ምን ሊቀረው ነው?

ሌላው ላርጎ (በጣም ቀስ ብሎ) የሚለውን ብቻ አይቶ መጎተት ነው። አጠገቡ በመስመር የተቆረጠች የላቲን ፊደል C አለች። ባሩን በአራት ሳይሆን በሁለት ቁጠሩ ማለቷ ነው። እርግጥ በ1849 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በራሱ በሾፓን ቀብር ላይ በኦርጋን ተጫውተውታል፤ እናንተ ግን ገና ማንንም አልቀበራችሁም።

ከዩቲዩብ መቅዳት። የእኛ ልጆች ጆሮ ፈጣን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ያደገ ወይም ክራር የነካካ ልጅ አንዴ ሰምቶ ይይዛል፣ በዚህ እቀናለሁ። ችግሩ ሁሉንም መያዙ ነው። አንዱ ተማሪዬ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆም ይላል። ኖታው ላይ ምንም የለም። ለምን ስለው «እንዲህ ነው የሚሉት» አለኝ። ስልኩን አስከፈትኩት። ያወረደው ቪዲዮ እዚያ ጋ ይቆራረጣል! ከዚያ ወዲህ ደንቤ አጭር ነው፤ ኖታውን ሳትጨርሱ ቪዲዮ የለም።

የጣልያንኛ ቃላትን በግምት መተርጎምም አለ። የቤትሆቨን ሙንላይት ሶናታ (ስሙን እሱ አልሰጠውም፣ እሱ ከሞተ በኋላ የመጣ ነው) መግቢያው ላይ ሴንሳ ሶርዲኒ ይላል። ብዙዎች «ፔዳል አትርገጡ» ማለት ይመስላቸዋል። ተቃራኒው ነው። ሶርዲኒ እዚህ ክሮቹን የሚያፍኑት ለስላሳ ማፈኛዎች ናቸው፤ ያለ እነሱ ማለት ፔዳሉ ተረግጦ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፒያኖ ድምፁ ቶሎ ይጠፋ ነበር። የዛሬው ላይ እስከ መጨረሻው ብትረግጡት ይዘበራረቃል፣ ስለዚህ ኮርዱ ሲለወጥ ፔዳሉንም ቀይሩ።

ኪቦርዳችሁ የእጅን ክብደት የማይለይ ከሆነ በለስላሳና በጮክታ (በኖታው ቋንቋ ፒያኖና ፎርቴ) የመጫወት ልምምድ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ኖታ ማጥናቱን ግን ማንም አይከለክላችሁም።

በመጨረሻ፣ ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የተገኘውን ፒዲኤፍ ማተም። ባህ በ1722 እ.ኤ.አ. ባጠናቀረው የዌል ቴምፐርድ ክላቪየር (የኪቦርድ ሥራዎች ስብስብ) የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ የድምፅ መጠን ምልክት አልጻፈም ማለት ይቻላል። በነጻ የሚወርደው ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ በክሬሼንዶ፣ ማለትም ቀስ በቀስ ጮክ በሉ በሚል ምልክት፣ የተሞላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ቼርኒ አሰናድቶ ያሳተመው ለምሳሌ በከፊል ቤትሆቨን ሲጫወተው ከሰማው በትዝታ የመጣ እንደሆነ ራሱ ቼርኒ ጽፏል። ደስ ይላል፣ እኔም አነበዋለሁ። ግን «ባህ እዚህ ጋ ጮክ በሉ ብሏል» ብላችሁ አትከራከሩኝ። ኡርቴክስት የሚል፣ ማለትም አቀናባሪው የጻፈውን ብቻ ለማቅረብ የሚጥር ቅጂ ፈልጉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ሌላ ሰው የጨመረውን በእርሳስ አክብቡ። በእስክርቢቶ አይደለም፤ በተለይ ኖታው ከእኔ የተዋሳችሁት ከሆነ።