ሰንበት ሳይገባ፦ የጸሎት ቤትን ዜና ስለማድረስና በነጻ የሚያገለግሉትን ስለማክበር

በአዲስ አበባ መሐል፣ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ለሰንበት ጸሎት በሚሰበሰብ አነስተኛ የአይሁድ ማኅበር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከእኔ በኋላ መዝገቡን ለሚረከቡና በሌላ ሰፈር ተመሳሳይ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ሰዎች ነው። ሥራው ለተመልካች ሁለት ይመስላል፤ አንደኛው የማኅበሩን ዜና ለአባላት ማድረስ፣ ሁለተኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉትን ማመስገን። እኔ የተማርኩት ግን ሁለቱ ከአንድ መዝገብ የሚወጡ አንድ ሥራ መሆናቸውን ነው። ማን ምን እንደሠራ በየሳምንቱ ያልጻፈ ጸሐፊ በዓል ሲደርስ የሚያመሰግንበት ቃል ያጣል።

መጀመሪያ የሚወሰነው የዜናው መውጫ ቀን ነው። ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን፣ ሻማ የሚበራው በብዙዎች ልማድ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሰዓቱ ከወር ወር እምብዛም አይራራቅም፤ በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው፣ በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ አይጻፍም፣ ስልክም አይነካም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሰው በገበያና በማጀት ስለሚጠመድ ያን ዕለት የሚላክ መልእክት የሚያነበው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዜና መቀበያው ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋ፤ ማታውኑ በቴሌግራም ይላክ፣ በትልልቅ ፊደል የታተመውም ወረቀት በጸሎት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ስልክ ለማይጠቀሙ አዛውንቶች የሚደውል ወይም ቤታቸው ሄዶ የሚያነብላቸው አንድ ወጣት በስም ይመደብ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳና ከአካባቢው ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። በሰንበት በመኪና መሄድ ስለማይፈቀድ ቀድሞ በእግሩ ይመጣ የነበረ ሰው ዛሬ ሰንበትን ከማኅበሩ ጋር ለማሳለፍ ዓርብ ከቀትር በኋላ መጥቶ በቅርብ ካለ ወዳጅ ቤት ማደር አለበት። ከዚህ የተነሣ በየሳምንቱ ዜና ከጸሎት ሰዓቱ ቀጥሎ የሚሰፍረው ማን ስንት እንግዳ ማሳደር እንደሚችል ነው። በዓሉም ሐዘኑም ከዚህ በታች ይሁን እላለሁ፤ ማደሪያ ያላገኘ ሰው ሌላውን ዜና ቢያነብም ከማኅበሩ ርቆ ይቀራልና። ለማኅበር ጸሎት የሚያስፈልጉት 10 ሰዎች መሙላታቸው የሚያጠራጥርበት ሳምንት ሲኖር፣ በተለይ ሙት ዓመት ያለበት ቤተሰብ ካዲሽ የሚባለውን የሙታን መታሰቢያ ጸሎት ለማለት ሲጠባበቅ፣ ይህም በግልጽ ይጻፍ።

ቀን አጻጻፍ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ወረቀት ላይ የኢትዮጵያው፣ የአይሁዱና ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚጠቀሙበት የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይገናኛሉ። ለምሳሌ 5786 የአይሁድ ዓመት የመጀመሪያ ቀኑ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ዋለ፤ በዓሉ የገባው ግን መስከረም 12 ማታ ነው። «በዓሉ መስከረም 13 ነው» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ የመጀመሪያው ማታ ጸሎት ሰው ያጣል። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ «መስከረም 12 ማታ፣ ለ13 አጥቢያ» ወይም «ዓርብ ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ» ከተባለ ሌሊቱ የተከታዩ ቀን መሆኑን ማንም አዛውንት ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ሙት ዓመት የሚታሰበው በአይሁድ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያርፍ ከቀኑ ጋር ሰዓቱም ይመዝገብ፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያረፈ ሰው ዕለቱ የሚቆጠረው ከማግስቱ ጋር ነውና፣ ሰዓቱ ካልተጻፈ ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን በተሳሳተ ቀን ካዲሽ ይላሉ።

ሐዘን ከሌላው ዜና ተለይቶ ይያዝ። መርዶ በቴሌግራም አይነገርም። የአገራችን ልማድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማለዳ ወደ ሟች ቤተ ዘመድ እንዲሄዱ ነው፤ ይህ ልማድ በሰንበት ሰውን ከማሳዘን ከሚከለክለው ሥርዓታችን ጋር በሚገባ ይስማማል። ጸሐፊው የቅርብ ዘመዶች ሁሉ መስማታቸውን ከሽማግሌዎቹ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ሰባቱ የሐዘን ቀናት የሚቆዩበትን ቤትና በየቀኑ ምግብ የሚያደርሱትን ሰዎች ይጽፋል። ሐዘንተኛ ከቀብር ሲመለስ የመጀመሪያው ማዕድ ከሌላ ሰው ቤት መምጣት ስላለበት ይህን የሚያመጣው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

ነፍስን ለማዳን ሲሆን ግን ሰንበት ይሻራል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ጉዞው ከዓርብ እስከ ቅዳሜ በሰንበት መካከል የቀጠለው በዚሁ ሕግ መሠረት ነበር። ስለዚህ ደም የሚፈልግ ሕሙም ወይም የጠፋ ሕፃን ሲኖር የሰንበትን መውጣት መጠበቅ ስሕተት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን ለማን እንደሚደውል በሥራ ቀን ተወስኖ ይጻፍ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ወደ እስራኤል የመሄድ ወሬ ነው። በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. የእስራኤል መንግሥት በኢትዮጵያ የቀሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲገቡ ወስኖ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ከተባለው ጊዜ እጅግ ዘግይቶ በየተራ ተከናውኗል። ልጁ እዚያ እናቱ እዚህ በሆነችበት ቤት «ስም ወጣ» የምትል አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ ያየ ሰው በዚህ ረገድ መቸኮል አይችልም። ደንባችን ሁለት ነገር ይላል፤ ከሚመለከተው አካል በጽሑፍ ያልደረሰ አይወጣም፣ የደረሰውም ማን በየትኛው ቀን እንዳለው ተጠቅሶ ይወጣል። የግለሰብ ስምና ጉዳይ ያለበት ዝርዝር ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል።

የሕሙማንን ስም ሲቀበሉ የእናታቸውን ስም መጠየቅ አይርሱ። ለሕሙም የሚጸለየው በእናት ስም ነው፤ ኦሪት ለማንበብ የሚጠራ ሰው ግን በአባቱ ስም ይጠራል። በአገራችን ስም ከአባት ጋር ብቻ ስለሚጻፍ ይህ ዘወትር ይዘነጋል። የሕመሙ ዓይነት ፈጽሞ አይጻፍ፤ ስማቸው እንዲወጣ የሚፈቅዱትም ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ይሁኑ።

አሁን ወደ ምስጋናው ልለፍ። አንድ ዓመት ለስግድ በዓል፣ ማለትም ከአስተስርዮ (ከዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በኅዳር፣ ለሚውለው የጾምና የምሕላ በዓላችን ባዘጋጀሁት ምስጋና የኮሚቴውን አባላት ከነማዕረጋቸው ዘርዝሬ መጨረሻ ላይ «እና ሌሎችም» ብዬ ዘጋሁት። ለዓመታት የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የያዙ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ወለሉን የሚያጥቡና ለሰንበት ዳቦውን የሚጋግሩ አንዲት እናት ወረቀቱን በልጅ ልጃቸው አስነበቡ። ምንም አልተናገሩም። እሑድ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጥተው ቁልፉን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው አስረከቡኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሽማግሌ ልኬ፣ ከብዙ ልመና በኋላ ተመለሱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን «ሌሎችም» የሚለው ቃል በምስጋና ጽሑፍ ውስጥ እንዳይገባ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌአለሁ።

እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም የሚረዳው ዘዴ ከጸሎታችን የተገኘ ነው። በብዙ ምኩራቦች በሰንበት ጠዋት ከኦሪት ንባብ በኋላ ለማኅበሩ የሚባለው ጸሎት ለመብራት ሻማ የሚሰጡትን፣ ለቂዱሽ፣ ማለትም ሰንበት ለሚቀደስበት ቡራኬ፣ ወይን የሚያቀርቡትን፣ ለእንግዳ እንጀራ ለድሃ ምጽዋት የሚሰጡትን፣ በማኅበሩም ጉዳይ በታማኝነት የሚደክሙትን ሁሉ ይባርካል። እኔ በመዝገቡ ላይ ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓምድ ከፍያለሁ፤ መብራት፣ ወይን፣ የእንግዳ ምግብ፣ ምጽዋት፣ የማኅበር ጉዳይ። እሑድ ማታ ያለፈው ሳምንት ዓምዶች በስምና በተሠራው ሥራ ይሞላሉ። ጸሎቱ ማጀት ያለውንና ሰብሳቢ ወንበር ላይ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠራ መዝገቡም እንዲሁ ያደርጋል። ባዶ የቀረ ዓምድ ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ወይ ሥራው አልተሠራም፣ ወይ የሠራውን ሰው አላየነውም። በእኔ ልምድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ምስጋናው ሲጻፍ ማዕረግ አይበቃም፣ ሥራው ይነገር። «ወይዘሮ እገሊት ለማኅበሩ ታላቅ አስተዋፅኦ አድርገዋል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ «በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ የኦሪቱን መጽሐፍ ወደ ደረቁ ክፍል ያዛወሩት እርሳቸው ናቸው» የሚለው ያከብራል። በታልሙድ፣ በጥንት የአይሁድ መምህራን ትምህርት መጽሐፍ፣ የሰውን ምስጋና ጥቂቱን በፊቱ፣ ሙሉውን በሌለበት መናገር እንደሚገባ የሚያስተምር ቃል አለ። ይህን ቃል በቃል እንፈጽመዋለን፤ በጉባኤ ፊት አንድ ሥራ ብቻ ይጠቀሳል፣ ሙሉው በደብዳቤ ተጽፎ ለልጆቻቸው ወይም በውጭ ላሉ ዘመዶቻቸው ይላካል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጡት ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ትልቁ የክብር ቀን የኦሪት ንባብ ዑደት የሚፈጸምበትና እንደገና የሚጀመርበት የሲምሐት ቶራ በዓል ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 5 ቀን ውሏል። የዘዳግምን መጨረሻ ለማንበብ የሚጠራው «የኦሪት ሙሽራ»፣ ዘፍጥረትን ለመጀመር የሚጠራው «የዘፍጥረት ሙሽራ» ይባላል፤ ይህን ክብር ማኅበሩን ላገለገሉ ሰዎች መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ምርጫው ከበዓሉ አንድ ወር አስቀድሞ መዝገቡን በማየት ይደረግ። ገንዘብ የሰጠ ሁልጊዜ የሚመረጥ ከሆነ ክብሩ ሽያጭ ይሆናል። እንደ እኛ ወንዶች ብቻ ወደ ንባቡ በሚጠሩበት ማኅበር ሴቶች አገልጋዮች በዚያው ዕለት በስማቸው ከነሥራቸው እንዲባረኩ አስቀድሞ ከጸሎት መሪው ጋር ይስማሙ፤ ይህ በዕለቱ ትዝ ሲል የሚደረግ ሳይሆን ተጽፎ የሚያዝ ጉዳይ ነው።

ግብዣውን በተመለከተ፣ ቡና በማፍላት ማክበር ከተፈለገ እሳት ማንደድና መቁላት በሰንበት ስለማይፈቀድ እሑድ ይደረግ። ፎቶግራፍም ለእሑድ ይቆይ። ዶሮ ወጥ ከቀረበ በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይሠራ፤ ሥጋና የወተት ውጤት አብረው አይበሉምና።

ገንዘብ ያዡ የሚከበረው በሌላ መንገድ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ምጽዋት የሚሰበሰበው በሁለት ሰዎች፣ የሚከፋፈለው በሦስት ነው፤ ማንም ብቻውን እንዳይጠረጠር። እኛም በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን በዜናው ላይ በብር እናወጣለን። ሰጪዎች ሲፈቅዱ በስማቸው ይጠቀሳሉ፤ የተቀበሉት ስም ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይታይ። ሒሳቡ በግልጽ ከተነበበ በኋላ ገንዘብ ያዡን የሚያመሰግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

በእኛ ማኅበር ያለ ሌላ ነገር ደግሞ አገልጋዮች ተራቸው ሲደርስ ወደ እስራኤል መሄዳቸው ነው፤ ዜናው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በጥቂት ቀናት ልዩነት ይደርሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ያለበት ሰው የአገልግሎት ደብዳቤ ረቂቁ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገሉ በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በእጃቸው የነበረውን ሥራ፣ ማንን እንዳሠለጠኑና ሥራውን ለማን እንዳስረከቡ ይገልጻል። ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፈርሙበታል፣ ማኅተም ይደረግበታል። ዋናው ከመሄዳቸው በፊት ባለው ሐሙስ ቤታቸው ድረስ ይወሰድላቸዋል፤ ቅጂው በመዝገቡ ውስጥ ከቁልፍ መረካከቢያው ቅጽ ጋር ይቀመጣል።