ቀላል ሲጋር ጣዕም የለውም የምትሉ፣ ቆይ አንዴ

ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ቤቴ በረንዳ ላይ አንድ ጓደኛዬ የሰጠሁትን ሲጋር ሦስት ጊዜ ሳበና «ይሄማ አየር ነው» ብሎ መተርኮሻው ላይ አስተኛው። ሲጋሩ ማካኑዶ የሚባል ቀላል የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲጋር ነው። የባለቤቴ ወንድም በሻንጣው ይዞልኝ የመጣው፣ ስድስት ሳምንት ሳላስነካ ያሳረፍኩት። ሰውዬው ደግሞ መንገድ ላይ ክትፎ በልቶ ነው የመጣው። ሚጥሚጣው ገና ከንፈሩን ያቃጥለዋል። በሌላ እጁ አረቄ ይዟል። ምንም አላልኩትም። ንዴቴን እዚህ ልወጣው ብዬ ነው።

ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ስለዚህ ብቆጣም ከልቤ አይደለም። የመጀመሪያው ላይ ግን ከልቤ ነው።

«ቀላል» ሲባል «ባዶ» ብሎ መስማት

ሲጋር ላይ ጉልበትና ጣዕም ለየብቻ ናቸው። ጉልበት ማለት ኒኮቲኑ ምን ያህል ራስ እንደሚይዝ ነው። ጣዕም ደግሞ ምላስና አፍንጫ የሚያገኙት ነው። ጉልበቱ በዋናነት የሚመጣው ከውስጥ ከሚሞላው ቅጠል ነው። ከትምባሆው ተክል ጫፍ የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ወፍራም ቅጠል ሊጌሮ ይባላል። የመሐሉ ሴኮ፣ የታችኛው ቮላዶ ነው። ቀላል ሲጋር የሚጠቀልል ሰው ሊጌሮውን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ይኸው ነው። ጣዕሙን ማንም አልወሰደውም።

አሊጫን አስቡ። በርበሬ የለውምና ወጥ አይደለም የሚል ሰው አለ? ቀይ ወጥ ላይ ሽንኩርቱ ትንሽ ቢያርም በርበሬው ይሸፋፍነዋል። አሊጫ ላይ ግን የባለሙያዋ እጅ ወዲያው ይታወቃል። ቅቤው የቆየ ከሆነ ይታወቃል፤ እርዱ ከበዛ ይታወቃል። ቀላል ሲጋርም እንደዚያ ነው። ቅጠሉ በደንብ ካልበሰለ፣ አጠቃለሉ ከላላ፣ አያያዛችሁ ከተበላሸ የሚደብቅላችሁ ነገር የለም። ከዚያ ጥፋቱን ሲጋሩ ላይ ትደፈድፋላችሁ።

በረንዳዬ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ቃል ላይ ይደርሳል፤ ድርቆሽ። አንዱ «ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል» ይላል፣ ለስድብ። ሌላው፣ ከብት ጥበቃ ያደገው፣ «እኔ የምወደው ለዚያ ነው» ይለዋል። ቀና ስትሉ ከአጥሩ ማዶ የድርቆሽ ክምር ተደርድሯል፤ ሱሉልታ ነው እንግዲህ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ብዙ ቀላል ሲጋሮች የሚለብሱት ኮነቲከት ሼድ የሚባለው ቅጠል ያ ጣዕም አለው። አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ በጨርቅ ዳስ ጥላ ሥር ያበቅሉታል። ኢኳዶር ውስጥ ደግሞ ደመናው ራሱ ዳስ ይሆንለታል። ጥላው ቅጠሉን ስስና ፈዘዝ ያለ ያደርገዋል። እኔ ከድርቆሹ ኋላ የማገኘው ገና ከምጣድ የወረደ የገብስ ቆሎ ነው። አንዳንዴ ለውዝ። ጭሱን ትንሽ በአፍንጫ ስትለቁት ቁንዶ በርበሬ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ቀላል ሲጋር በእርግጥም ወረቀት ወረቀት ይላል፤ አልዋሽም። ግን ያንን ለመፍረድ መጀመሪያ ሚጥሚጣውን ታጠቡ።

በሦስት ሳብ መፍረድ

አቦሉን ቀምሶ የሚነሳ እንግዳ ታውቃላችሁ? ሲጋርም አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። ልዩነቱ፣ ቡናው እየቀጠነ ሲሄድ ሲጋሩ እየወፈረ ይመጣል። የመጀመሪያው ሲሶ ላይ «አየር» ያላችሁት፣ ሁለተኛው ላይ ቅቤ ቅቤ ማለት ይጀምራል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ራሱ ቀላሉ ሲጋር ጠንከር ይላል። ባለፈው ቅዳሜ የተኛው ሲጋር እዚያ ሳይደርስ ነው የተኛው።

ደግሞም በእጅ የተጠቀለለ ነገር ነው። ከአንድ ሳጥን ሁለቱ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። እኔ ሦስት ሳላጨስ አስተያየት አልሰጥም።

መቸኮል

ሲጃራ የለመደ ሰው በሃያ ሰከንድ አንዴ ይስባል። ሲጋሩ ይግላል። የጋለ ቀላል ሲጋር ይመራል፣ ምላስ ይልጣል። አንድ ሳብ፣ ከዚያ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ። ጨዋታ ከሌላችሁ ብቻችሁን አታጭሱ። የሱሉልታን ነፋስ ደግሞ አትናቁት፤ በአንድ ጎን ብቻ ያነድደዋል። እኔ ወንበሬን ግድግዳ ሥር የማደርገው ፀሐይ ፈርቼ አይደለም።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ እጄን አወጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሲጋሮች ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። ቀዝቃዛ ቦታ ይጠብቃቸዋል ብዬ ነው። በወሩ አንዱን አወጣሁ። እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል በእጄ ተሰነጠቀ። ስለኩሰው ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠውን ሽንኩርት ይሸታል። ማቀዝቀዣ ያደርቃል፣ ሽታም ያስተላልፋል።

ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። እኛ ከ2500 ሜትር በላይ ነን። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሲጋር በቀናት ውስጥ ይደርቃል። የደረቀ ሲጋር ቶሎ ይነዳል፣ ይግላል፣ ያው ወደ መራራነት እንመለሳለን። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ሻጋታ። ነጭ ፀጉር መሰል ነገር ካያችሁ «ብስለት ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ውድ የእንጨት ሳጥን ግዴታ አይደለም። በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ምግብ መያዣ፣ እርጥበት የምትሰጥና የምትመጥጥ ያቺ ትንሽ ከረጢት፣ አንዲት የእርጥበት መለኪያ። በቃ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሲጋሩን ብቻ ሳይሆን ከረጢቷንም እዘዙት። ሲጋሩ ሲደርስም ወዲያው አትለኩሱት። አውሮፕላን ላይ የከረመ ነገር ነው፤ ይረፍ።

አለኳኮስ

አንድ ጎረቤቴ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክብሪት ሲያጣ ሲጋሩን ከቡናው ከሰል ላይ ለኮሰው። ከሰሉ ላይ ዕጣን ነበረበት። ትንሽ ካጨሰ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ጣዕም አለው እንዴ?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የሱ ግን ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቢያንስ የቀመሰውን በትክክል ተናገረ። በቤንዚን ላይተር ለኩሰው «ነዳጅ ነዳጅ ይላል» ብለው ሲጋሩን የሚሰድቡ አሉ። ሻማም ሰሙን ይሰጠዋል። የጋዝ ላይተር ወይም ረዘም ያለ ክብሪት ይበቃል። ክብሪት ከሆነ ድኙ እስኪቃጠል ጠብቁ። ያ እየጮኸ የሚነድደው ላይተር ጥሩ ነው፣ ግን ከፍታ ላይ ያስቸግራል። አዲስ አበባ መሐል የሠራው እንጦጦን ሲሻገር እንቢ ቢላችሁ አትገረሙ።

አቆራረጥ

ቆቡን፣ ማለትም አፍ የሚገባውን ጫፍ የሸፈነችውን ቅጠል፣ ብቻ ቁረጡ፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል። ከዚያ ካለፋችሁ ይፈታል።

በቀለም መመዘን

ጥቁር ሁሉ ኃይለኛ፣ ፈዛዛ ሁሉ ቀላል አይደለም። ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቅጠሉ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚብላላ ነው፤ ጣፈጥ የሚል ለስላሳ ጥቁር ሲጋር አለ። ፈዛዛ ልብስ ለብሶ ውስጡ ሊጌሮ የታጨቀበትም አለ። አንዱ እንዲህ አድርጎ ሸውዶኛል።

«ኩባ ካልሆነ አልነካም»

እሺ አራዳው። ኩባ ለስለስ ያለም ትሠራለች፤ ሆዮ ደ ሞንቴሬይ የሚባል አለ። ግን በቀላል ሲጋር የዶሚኒካን ሪፐብሊክ እጅ ሰፊ ነው። ታዋቂው የሲጋር ድርጅት ዳቪዶፍ ራሱ ኩባን ትቶ ወደዚያ ነው የሄደው። ሰው የሚምታታው ስሙ ላይ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ የሲጋር ፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ተሰደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ማዕቀብ መጣ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሮሜዮ ይ ጁሊዬታ፣ ሁለት ሞንቴክሪስቶ አለ። አንዱ የኩባ፣ አንዱ የዶሚኒካን። ስማቸው አንድ፣ ቅጠላቸው ሌላ። አንዱን ቀምሳችሁ ሌላውን አትሙት። ክዳኑ መስታወት የሆነ ሳጥን ይዞ «ኦሪጅናል ኮሂባ»፣ ማለትም የኩባው ውድ ሲጋር፣ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ። እኔ አልመለስኩም። ውስጡ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወደ ውስጥ መማግና ባዶ ሆድ

ሲጋር አይማግም። ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ይገባል። «ቀላል ነው» ብሎ እንደ ሲጃራ የማገው ሰው ሳል ይዞት አጥሩን ተደግፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከአዲሱ ገበያ መውጫው ተዘግቶ ምሳ ሳልበላ አሥር ሰዓት ቤቴ ደረስኩ። ተናድጄ ስለነበር ቀጥታ ወደ ሲጋሩ። ቀላል ነው ብዬ። ግማሽ ላይ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ በረንዳው ዞረብኝ። ባለቤቴ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችኝ። «ቀላሉ ይሄ ከሆነ ከባዱን ሳላይ ልሙት» አለች። እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

ይሄንንም ልበል። ቀላል ማለት ለጤና ቀላል ማለት አይደለም። አንድ ሲጃራ 1 ግራም ትምባሆ አይሞላም፤ ትልቅ ሲጋር ከ5 እስከ 20 ግራም ሊይዝ ይችላል። ያልጀመረ ባይጀምር ደስ ይለኛል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው፤ ሆቴልና ካፌ ውስጥ ማጨስም እንዲሁ። ለዚህ ነው እኛ በብርድ ጋቢ ለብሰን ደጅ የምንቀመጠው።

መጨረሻው

ሲያልቅ እንደ ሲጃራ አትደፍጥጡት። የተደፈጠጠ ሲጋር የሚለቀው ሽታ ጋቢው ላይ ለሳምንት ይቀራል። መተርኮሻው ላይ አስቀምጡትና ተዉት። በሁለት በሦስት ደቂቃ ራሱ ይጠፋል።