መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ልጆች አብረው ለሚማሩበት ክፍል
መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚሰሙት ጋር የሚማሩበት ክፍል ያላችሁ መምህራን፣ የባቄላን አበቃቀል ልጆቹ ራሳቸው በጭቃ ቀርጸው በስልክ ድምፅ አልባ አኒሜሽን (ጭቃው ጥቂት በጥቂት እየተለወጠ የተነሱ ፎቶዎች ተከታትለው ሲታዩ የሚንቀሳቀስ የሚመስል ፊልም) እንዲሠሩት አድርጉ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ቢያሳይም ለዚህ ሥራ 12 ስለሚበቃ፣ የ10 ሰከንድ ፊልም 120 ፎቶ ብቻ ይፈልጋል። ስልኩ በሁለት ጡብ መካከል ሳይነቃነቅ ይቁም፤ ከፎቶ ፎቶ ሥሩ ላይ የሚጨመረው ጭቃ ከስንዴ ቅንጣት አይብለጥ። (የመስኮት ብርሃን ስለሚለዋወጥ ቀረጻውን በአንድ ክፍለ ጊዜ መጨረስ ይሻላል።) አደራ የምለው ግን መስማት የተሳነው ልጅ ጭቃ አቀባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው፤ ሥሩ ከቡቃያው ቀድሞ እንደሚወጣ በምልክት ቋንቋ አስረድቶ የትዕይንቱን ቅደም ተከተል እሱ ይምራ፣ ጓደኞቹም «ሥር» እና «ቅጠል» የሚባሉበትን ምልክት ከእሱ እጅ እያዩ ይማሩ።