ሲሙሌሽን ላይ የሚንገዳገድ ሮኬት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኦፕንሮኬት በሚባለው የሮኬትን በረራ በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም የሠሩትን ዲዛይን ከደሴም ከኮምቦልቻም በላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ፋይላቸው ብዙ ነው፤ ችግራቸው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የስበት ማዕከል (ሮኬቱ ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ) ከግፊት ማዕከል (የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ) ቀድሞ ወደ አፍንጫው መሆን እንዳለበት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለአካሉ ስፋት ሲካፈል ካሊበር እንደሚባል፣ ካሊበሩ ሲያንስም መረጋጋቱ እንደሚቀንስ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ከሐዲዱ እንደወጣ ወደ ነፋሱ ይታጠፋል

መጀመሪያ ከሐዲዱ፣ ማለትም ሲነሳ ቀጥ አድርጎ ከሚመራው ዘንግ፣ ሲለቅ ያለውን ፍጥነት እዩ። ከ15 ሜትር በሰከንድ ካነሰ፣ ወይም ከነፋሱ ፍጥነት አራት እጥፍ ካልሞላ፣ ሐዲዱን አስረዝሙ ወይም መነሻ ግፊያው የበረታ ሞተር ምረጡ። ግፊያው የሮኬቱን ክብደት አምስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ፍጥነቱ በቂ ሆኖ ካሊበሩ ከ3 በላይ ከሆነ ደግሞ ክንፉ በዝቷል፤ አሳንሱት።

ግራፉ በድንገት ይዘበራረቃል

የስሌቱን የጊዜ እርምጃ (ፕሮግራሙ በረራውን ቆራርጦ የሚያሰላበትን የጊዜ ልዩነት) ከ0.05 ወደ 0.01 ሰከንድ አውርዱ።

የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ ይከዳል

በዚያ ፍጥነት ክንፉ አቅሙን እያጣ የግፊት ማዕከሉ ወደ ፊት ይመጣል። ኦፕንሮኬት ዲዛይኑ ላይ የሚያሳያችሁ ቁጥር በማክ 0.3 (በድምፅ ፍጥነት 0.3 እጥፍ) የተሰላ ነው። በእሱ አትተማመኑ፤ ካሊበሩ በበረራው ሁሉ ሲለዋወጥ የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱ።

የቦታው ከፍታ 0 ተብሎ ቀርቷል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካሊበሩ አይቀየርም፤ ሮኬቱ ሲያጋድል ክንፉ የሚመልስበት ጉልበት ግን ይቀንሳል። ከፍታውን ሳታስገቡ ውጤት አታሳዩኝ።

ፕሮግራሙ «የተረጋጋ ነው» ይላል፤ አካሉ ግን አይደለም

ዋናው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የሣላችሁለትን ብቻ ነው። ኢፖክሲውን (ማጣበቂያውን)፣ ቀለሙን፣ ብሎኑን፣ የፓራሹቱን ገመድ አያውቅም። ኢፖክሲ ደግሞ የሚበዛው ክንፉ ሥር ነው፤ ስለዚህ የስበት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ባለፈው ክረምት ሦስት ልጆች 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አካል ሠርተው ከኮምቦልቻ አመጡ። ፋይሉ ከነሞተሩ 5 ኪሎ፣ የስበት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር፣ የግፊት ማዕከሉ 138 ይላል፤ 1.8 ካሊበር መሆኑ ነው። «መዝናችሁታል?» አልኳቸው። «ወላሂ ጋሼ፣ ፕሮግራሙ መዝኖታል!» አለኝ አንደኛው። በሞተሩ ቦታ የሞተሩን ክብደት ያህል አሸዋ የሞላ ቱቦ ከተን በገመድ አንጠለጠልነው። 5.5 ኪሎ ሆነ፤ ሚዛን የጠበቀውም 126.4 ላይ ነበር። ግማሽ ኪሎ ኢፖክሲና ቀለም ካሊበሩን ወደ 1.16 አወረደው።

የሚዛኑም ነገር ያበሳጫል። ከገበያ በርካሽ የሚገዛው የወጥ ቤት ሚዛን በ40 ግራም ሲሳሳት አይቻለሁ። ሮኬቱን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሊትር ውሃ መዝኑበት፤ ዕቃውን ሳይጨምር 1 ኪሎ ካላለ ጣሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓራሹቱንና ገመዱን በየቦታቸው አጥብቃችሁ ክተቱ፤ ከላላ ሮኬቱ ሲፈነጠር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አካሉን *ያለ ሞተር* መዝኑ፤ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብም ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ፕሮግራሙ በራሱ ካሰላው ክብደትና ማዕከል ፋንታ አስገቡ። አደራ፣ ከነሞተሩ የመዘናችሁትን እንዳታስገቡ! ፕሮግራሙ ሞተሩን ከላይ ራሱ ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ ይቆጠርባችኋል። ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጎበዝ የሚባሉትም ይሠሩታል። ከዚያ ሞተሩን ፋይሉ ላይ ምረጡ። ሞተር ሳይመረጥ የሚታየው ካሊበር የባዶ አካል ነው፤ 3.2 ብሎ ያስደሰታችሁ ሞተሩ ሲገባ 1.3 ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የአሸዋውን ቱቦ ከታችሁ አንጠልጥሉትና ከፕሮግራሙ ጋር አስተያዩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ያስገባችሁት ቁጥር አንዱ ስህተት ነው።

ቁጥሩን ለማሳመር ክንፍ ለማሳደግ አትቸኩሉ፤ የተጨመረው ክንፍም ኋላ ላይ ክብደት ነው። አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ይሻላል። የእነዚያ ልጆች አፍንጫ ውስጥ፣ ከጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ 170 ግራም እርሳስ አስገባን። የስበት ማዕከሉ 123 ላይ መጣ፤ 1.5 ካሊበር።

ልጆቹ ላፕቶፑን ሊዘጉ ሲሉ አስቆምኳቸው። ክብደት ሲጨመር ከሐዲዱ የሚለቅበት ፍጥነት ይወርዳልና ሲሙሌሽኑ እንደገና መሮጥ አለበት። 300 ኒውተን በሚገፋ ሞተርና በ3 ሜትር ሐዲድ፣ መጀመሪያ 17.4 የነበረው ወደ 16.1 ሜትር በሰከንድ ወርዶ አገኘነው። ለአራቱ እጥፍ የሚበቃው እስከ 4 ሜትር በሰከንድ ለሚነፍስ ነፋስ ብቻ ስለሆነ፣ የነፋሱን ገደብ 4 ብለን ፋይሉ ላይ ጻፍን።