የሐሰት ፀረ-ስፓይዌር እንዴት ይለያል፣ ከገባስ እንዴት ይነቀላል?

የሐሰት ፀረ-ስፓይዌር ማለት ኮምፒውተራችሁን ከሰላይ ፕሮግራምና ከቫይረስ እጠብቃለሁ እያለ የሚያታልል ፕሮግራም ነው። ፊልም ልታወርዱ የከፈታችሁት ገጽ ላይ ድንገት ቀይ ሳጥን ይመጣል። «ኮምፒውተርዎ ላይ 5 ቫይረስ ተገኝቷል» ይላል፤ ከሥሩ አረንጓዴ መስመር እየሮጠ ሲ ድራይቩን (የኮምፒውተሩን ዋና ማከማቻ) በጥቂት ሰከንድ ፈትሾ ይጨርሳል። እውነተኛ ሙሉ ፍተሻ ባረጀ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ደግሞም ብሮውዘር ውስጥ የተከፈተ ገጽ ዲስካችሁን መፈተሽ አይችልም፤ የምታዩት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። አንዳንዱማ ስልክ ላይ ሲከፈት እንኳ «ሲ ድራይቭ ተበክሏል» ይላል፤ ስልክ ሲ ድራይቭ ከየት አምጥቶ!

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ምንም ነገር አትንኩ። የመዝጊያዋ ኤክስም «ካንስል» የሚለውም የሥዕሉ አካል ሊሆኑና ወደ ማውረጃው ሊወስዷችሁ ይችላሉ። ኪቦርዱ ላይ ኦልትን ይዛችሁ ኤፍ 4ን ምቱ። ገጹ ስክሪኑን በሙሉ ይዞ አልለቅ ካለ ኢስኬፕን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። አሁንም እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ሲመጣ ክሮምን መርጣችሁ «ኢንድ ታስክ» በሉት። ክሮም እንደገና ሲከፈት የነበሩትን ገጾች «ሪስቶር» ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ካላችሁት ያው ሳጥን ተመልሶ ይመጣል። የወረደ ፋይል ካለ ሳትከፍቱት ከዳውንሎድ ፎልደር ደምስሱት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በሌላ መንገድ ነው። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ የታወቀ አንቲቫይረስ ዓርማ የለጠፈ መልእክት በየደቂቃው ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩ የታመመ ይመስላል፤ አንዳንዱ ፎርማት እስከማስደረግ ይደርሳል። መልእክቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ «ጉግል ክሮም» የሚል ጽሑፍና አንድ የማታውቁት ድረ ገጽ አድራሻ በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል። አንድ ቀን «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይጫኑ» ብሏችሁ፣ አላውን ስትጫኑ መልእክት እንዲልክ የፈቀዳችሁለት ገጽ ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ክፈቱ። የተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለዚህ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

«ዊንዶውስና አር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ተጫን» የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያው ዝጉት። ገጹ ድብቅ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎላችኋል፤ ትእዛዙን በገዛ እጃችሁ እንድታስጀምሩት ሊያደርግ ነው።

ማታለያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንቲቫይረስ ኤክስፒ 2008» የሚባል ሐሰተኛ ፕሮግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ «ማክ ዲፌንደር» መጣ፣ ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) በቫይረስ አይነካም የሚለውን ወሬ ውድቅ አድርጎ። ዘዴያቸው አንድ ነው፦ የሌለ ቫይረስ ያሳያሉ፣ ለማጥፋት በዶላር ክፈሉ ይላሉ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የውጭ ክፍያ ካርድ ስለሌለው «ምን ይወስዱብኛል?» ይላል። ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ ግን ብሮውዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃልና የቴሌግራም አካውንታችሁን ሊሰርቅ ይችላል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው ጠባቂ አላቸው፤ ስሙ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው፣ ክፍያ የለውም። ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል ባዮች ነን። ጎንደር ውስጥ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚዞረው በፍላሽ ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም በነጻ እንዲሠራ የሚያደርግ ፋይል) ሲጫን «መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ» ይላል፣ ከጠፋ በኋላ መልሶ የሚያበራው የለም። ፒያሳም ሆነ አዘዞ ኮምፒውተር ፎርማት ስታስደርጉ ከመረከባችሁ በፊት «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን አስከፍታችሁ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» (ያለማቋረጥ የሚጠብቀው ክፍል) መብራቱን እዩ። ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር የዲፌንደርን ማደሻ ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት።

ሐሰተኛው ከተጫነስ? መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ሴቲንግ ውስጥ «አፕስ» ገብታችሁ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድሩ፤ ችግሩ በጀመረበት ቀን የገባውን የማታውቁትን ፕሮግራም አንኢንስቶል አድርጉ። አልነቀል ካለ ሺፍትን እንደያዛችሁ «ሪስታርት» ተጫኑ፤ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት» ብላችሁ ቁጥር 4ን ስትመቱ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚሠሩበት ሁኔታ) ይነሣል፤ እዚያ ሆናችሁ ድጋሚ ሞክሩ። ከዚያ ወደ ተለመደው ዊንዶውስ ተመለሱና በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» ምረጡ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሣና 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ያልተቀመጠ ሥራ ካለ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ፣ መብራት ቢሄድ እንዳይቋረጥ ባትሪውን ሙሉ።

ተነቅሎም ኢንተርኔት እምቢ ካለ ሴቲንግ ውስጥ «ፕሮክሲ»ን (ኢንተርኔቱ የሚያልፍበትን አማላጅ) እዩ። አንዳንዶቹ ሐሰተኛ ፕሮግራሞች 127.0.0.1 የሚል አድራሻ (የኮምፒውተሩን የራሱን) ሞልተው ይሄዳሉ፤ ፕሮክሲውን አጥፉት።

የይለፍ ቃል የምትቀይሩት በዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን በንጹሕ ስልክ ነው፤ ከኢሜይል ጀምሩ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ ከያዛችሁት ስልክ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጡ።