ከአንድ የዱባ ተክል ሦስት ትልልቅ ፍሬ ለማግኘት፦ ችግርና መፍትሄ ለጅማ አትክልተኞች

ጅማ ላይ ዱባ ማብቀል አያስቸግርም፤ ፍግ የተደፋበት ጥግ የወደቀ ዘር ራሱ በቅሎ አጥር ይወጣል። የሚያስቸግረው ከአንዱ ተክል ሁለትና ሦስት ትልልቅ ፍሬ ማድረስ ነው። አንዱ ዱባ ሲያብጥ ሌሎቹ ጡጫ እንኳ ሳያክሉ ይረግፋሉ። ተክሉ ምግቡን እኩል አያከፋፍልም፤ ቀድሞ ለያዘው ፍሬ ያደላል። ስለዚህ ፍሬዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ መያዝ አለባቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሐረግና የራሱ ሥር ያስፈልገዋል።

ሦስት ፍሬ ማለት ግን ክብደቱ ለሦስት ተከፈለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,247 ኪሎ የመዘነውን ዱባ የመሳሰሉ ግዙፎች የሚገኙት በተክሉ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ በመተው ነው። ዘሩም ይወስናል፤ ከትንሽ ዱባ ዝርያ የተወሰደ ዘር በፍግ ብዛት ግዙፍ አይሆንም።

ፍሬው በለጋነቱ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል

ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። መጀመሪያ የረገፈውን ፍሬ በቢላ ሰንጥቃችሁ እዩት፤ መንስኤው ከሦስት አንዱ ነው።

ፍሬው እንቁላል ሳያክል፣ አበባው ከተከፈተ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከአበባው በኩል ጀምሮ ከጠወለገና ውስጡ ንጹሕ ከሆነ የአበባ ዱቄት አልደረሰውም። ሴቴዋ አበባ (ከሥሯ ትንሽ ዱባ ያላት ናት) የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ተከፍታ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ትከደናለች። በክረምት ጠዋት ከዘነበ ንብ አይወጣም፣ ዱቄቱም ይርሳል። መፍትሄው በእጅ ማዳቀል ነው። በዋዜማው ማታ ጫፋቸው ቢጫ የሆነ እንቡጦችን ፈልጉ፤ የሚከፈቱት በማግሥቱ ነው። ሴቴዋን ጫፏ ላይ በክር አስራችሁ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ። ሁለት ሦስት ወንዴ አበባ ከነአገዳው ቆርጣችሁ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ ዝናብ ሳይነካቸው ይከፈታሉ። ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የወንዴውን የአበባ ቅጠሎች ገንጥላችሁ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት በሴቴዋ መሐል ባሉት ጉብታዎች ሁሉ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሹ። አንዱ ጉብታ ከተዘለለ ፍሬው ባንድ ጎኑ ጎባጣ ይሆናል። ከዚያ ሴቴዋን መልሳችሁ እሰሯት። ለአንዲት ሴቴ ቢያንስ ሁለት ወንዴ ተጠቀሙ።

ቆዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ነጥብና እንደ ሙጫ ያለ ጠብታ ካለ፣ ውስጡም ነጭ ትል ካለው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። የረገፈውን እዚያው አትተዉት፤ ትሉ ወደ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በየቀኑ ልቀሙና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ ወይም በተቋጠረ ፌስታል ፀሐይ ላይ አቆዩት። ከተዳቀለ በኋላ ፍሬውን ቆዳው እስኪጠነክር በስስ ጨርቅ መሸፈን ከየትኛውም ርጭት የተሻለ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ማታ ይሁን። በጅማ ዙሪያ ብዙ ቀፎ አለ፤ አበባ በተከፈተበት ጠዋት መርጨት የጎረቤትን ንብ መግደል ነው።

ሦስተኛው መንስኤ ታላቅ ወንድም ነው። ፍሬው ተዳቅሎ ጡጫ ሊያክል ሲል ቆሞ ቢጫ ከሆነና ያው ተክል ላይ ጭንቅላት ያከለ ሌላ ዱባ ካለ፣ ምግቡን እሱ እየወሰደው ነው። ስለዚህ በዋናው ሐረግ ላይ እስከ 2 ሜትር ድረስ የሚይዙትን የመጀመሪያ ፍሬዎች ሁሉ ቁረጡ። ያበጠ ፍሬ መቁረጥ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ለጋው ግን ለወጥ ይሆናል። ዋናውን ሐረግና ሁለት ጠንካራ ቅርንጫፎች አስቀሩ፣ የቀሩትን ገና በለጋነታቸው ቀንጥቡ። ሦስቱም ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚከፈት ሴቴ እንቡጥ ሲገኝ ያን ጊዜ አዳቅሉ። ፍሬው ከያዘ በኋላ ከእሱ ወዲያ ከ10 እስከ 12 ቅጠል ትታችሁ የሐረጉን ጫፍ ቀንጥቡ።

ሦስቱም ያዙ፤ ግን አያድጉም

ሦስት ፍሬ የሚያጠባው አንድ ሥር ነው። የዱባ ሐረግ እያንዳንዱ አንጓ አፈር ካገኘ ሥር ይሰዳል። በየአንጓው ሥር በእጅ ጫር አድርጉ፣ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ጨምሩ፣ አንጓውን አስተኝታችሁ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሱት። በሁለት ሳምንት ገደማ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ራሱን መመገብ ይጀምራል። ለአንድ ተክል 5 በ5 ሜትር ቦታ ስጡት።

የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማነቱ ፎስፈረስን ስለሚይዘው በሜዳው የተበተነ ማዳበሪያ ለተክሉ ብዙም አይደርሰውም። ሲተከል 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግና ግማሽ የቡና ስኒ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት። የቡና ገለፈት በየቦታው ስላለ እሱን መጨመር ያጓጓል፤ ሳይብላላ ከተቀበረ ግን ናይትሮጅኑን ራሱ ይሻማል። ከፍግ ጋር አብላሉት። አመድም ለአሲዳማ አፈር ይረዳል፤ ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ አትጨምሩት፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው ወንዴ ብቻ

ወንዴ አበባ ከሴቴ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይመጣል፤ ጠብቁ። ከዚያ በላይ ከዘገየ ዩሪያ በዝቷል ወይም ጥላ ነው። ዩሪያውን አቁሙ።

ፍሬው ሲከብድ አንገቱ ይሰነጠቃል

እጅግ የሚያሳዝነው ኪሳራ ይህ ነው፤ ሁለት ወር የተደከመበት ዱባ በአንድ ሌሊት ከሐረጉ ይላቀቃል። ፍሬው እያበጠ ትከሻው ሐረጉን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሐረጉ በአቅራቢያው ሥር ሰዶ ከታሰረ አብሮ መነሳት አይችልምና አንገቱ ይቀደዳል። ስለዚህ አንጓ መቅበር ጥሩ ቢሆንም ከፍሬው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሁለት አንጓዎች አትቅበሩ፤ የሰደዱትንም ሥር ቁረጡ። አንገቱ ከሐረጉ ጋር ቀጥ ያለ መስቀል እንዲሠራ ፍሬውን አዙሩት፣ ግን በመጀመሪያው አሥር ቀን፣ በየቀኑ ጣት የሚያህል ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሐረጉን ባለሰለሰው ጊዜ። ጠዋት ውኃ የሞላ ሐረግ ይሰበራል።

ታቹ ይበሰብሳል

ፍሬው እርጥብ አፈር ላይ ስለተቀመጠ ነው። ገና ቡጢ ሲያክል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አሸዋ ላይ ጣውላ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ደረቅ የእንሰት ቅጠልም ይሆናል፤ ሲርስ ለውጡት። ፕላስቲክ አታንጥፉ፣ ውኃ ያቁራል። መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና ዙሪያውን ቦይ አውጡ።

ጎኑ ይፈነዳል

ሳምንት ሁለት ሳምንት ደርቆ ድንገት ከባድ ዝናብ ሲመጣ፣ በፀሐይ የጠነከረው ቆዳ ከውስጡ እድገት ጋር መሄድ ያቅተዋል። ዝናብ ባቆመ ሳምንት ለተክሉ በሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ሊትር አጠጡ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ፍሬውን በእንሰት ቅጠል ከፀሐይ ጋርዱት።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት

ዝናቡ ሲቀንስ የሚመጣ ሻጋታ ነው። የተጠቁ አሮጌ ቅጠሎችን አውጡ፤ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ በየሳምንቱ ጠዋት ርጩ።

ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይበላሻል

ሳይደርስ ተቆርጧል ወይም አንገቱ ተሰብሯል። ጥፍር ቆዳውን ሳይበሳው ሲቀር፣ አንገቱም ደርቆ እንደ ቡሽ ሲሆን በስለት ቁረጡ፤ ከአንገቱ 8 ሳንቲ ሜትር ተዉለት። በአንገቱ አንጠልጥላችሁ አትሸከሙት። ዝናብ በማይነካው አየር በሚገባበት ቦታ፣ ሳይነባበር፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይድረቅ።